ቅርቡን ሳይለዩ ሩቁን ማየት የለም

እ.ኤ.አ. ማርች 17 ቀን 2014 በአሜሪካ ካምብሪጅ ከተማ፣ በሃርቫርድና ስሚዝሶኒያን የሥነ ፈለክ ምርምር ማዕከል የተሰጠ መግለጫ በአንድ ቀን ዓለምን አዳረሰ። ባይሴፕ2 የተባለውን ቴሌስኮፕ በደቡብ ዋልታ ተክለው ሦስት ዓመት ሰማይን የቃኙ ተመራማሪዎች፣ ኅዋ በተወለደበት የመጀመሪያ ቅጽበት የተነሡ የስበት ሞገዶች ከኅዋ ልጅነት በቀረው ጥንታዊ ብርሃን ላይ የተዉትን አሻራ አገኘን አሉ። ነገሩ ጸንቶ ቢሆን ኖሮ የሰው ልጅ ወደ 13.8 ቢሊዮን ዓመታት ወደ ኋላ ተሻግሮ የፍጥረትን ደጃፍ አየ በተባለ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ግን ያው ቡድን ከተፎካካሪው ከፕላንክ ሳተላይት ቡድን ጋር መረጃውን አዋሕዶ ሲመረምር፣ ከታየው ምልክት አብዛኛው ከራሳችን ጋላክሲ፣ ከፍኖተ ሐሊብ አቧራ የመጣ ሆኖ ተገኘ። የቀረው ደግሞ የጥንት ሞገድ አለ ለማለት አይበቃም ነበር።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ በሁለት መንገድ ይተረካል። አንዱ ተራኪ የችኮላና የክብር ጥማት ታሪክ ያደርገዋል፤ ሌላው ደግሞ «ሳይንስ ራሱን ያርማል» ብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይዘጋዋል። ሁለቱም ከ2014 በፊት የነበረውን የሃምሳ ዓመት የሙያ ልማድ አያዩም። ጥንታዊውን ብርሃን የሚለኩ ሰዎች ከጅምሩ ያዳበሩት አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ከሩቅ መጣ የሚሉትን ነገር ከመናገራቸው በፊት ከቅርብ ሊመጣ የሚችለውን ሁሉ በግምት ሳይሆን ራሱን በመለካት ይለያሉ። ሕጉ በተጠበቀበት ዘመን ሙያው ታላላቅ ግኝቶችን አበርክቷል፤ አንድ ጊዜ ሲላላ የ2014ቱ ውድቀት መጣ፤ ወደ ሕጉ በተመለሰ ጊዜ ደግሞ ዛሬ በእጃችን ያለው ጽኑ ዕውቀት ተገኘ። ይህን ለማሳየት ታሪኩን ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻው በ1964 በኒው ጀርሲ ግዛት፣ ሆልምዴል በተባለ ቦታ ነው። አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን የተባሉ ሁለት የቤል ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች ለሳተላይት ግንኙነት የተሠራን ግዙፍ የቀንድ ቅርጽ ያለው አንቴና ለራዲዮ ሥነ ፈለክ ሊጠቀሙበት ፈለጉ። አንቴናው ወደየትኛውም የሰማይ ክፍል ቢዞር፣ ቀንም ሆነ ሌሊት፣ በጋም ሆነ ክረምት የማይለወጥ ትርፍ ጨረር ይመዘግብ ነበር፤ መጠኑም ወደ 3.5 ኬልቪን የሚጠጋ። ሁለቱ ሰዎች ያደረጉት ታላቅ ነገር ይህን ትርፍ ማየታቸው ብቻ አልነበረም። ከኒው ዮርክ ከተማ የመጣ እንደሆነ፣ ከከባቢ አየር፣ ከፍኖተ ሐሊብ፣ ከዚያ በፊት በከፍተኛ ሰማይ ላይ ከተደረገ የኒውክሌር ሙከራ፣ ከአንቴናው መገጣጠሚያዎች የመነጨ እንደሆነ አንድ በአንድ መረመሩ። አንቴናው ውስጥ ጎጆ የሠሩትን ርግቦች አስወጥተው ኩሳቸውን ጠረጉ። ትርፉ ግን አልጠፋም። ያኔም ስለ ኅዋ አጀማመር አንዳች ነገር አላወጁም። በ1965 በአስትሮፊዚካል ጆርናል ያወጡት አጭር ጽሑፍ ስለ ልኬቱ ብቻ የሚናገር ነበር፤ ትርጓሜውን የሰጠው እዚያው አጠገብ የታተመው የፕሪንስተኑ የሮበርት ዲኪና የባልደረቦቹ ጽሑፍ ነው። ጨረሩ ኅዋ ገና ትኩስና ጥቅጥቅ በነበረበት ዘመን የተለቀቀ ብርሃን ነው፤ ጥንታዊው ብርሃን የምንለውም ይኸው ነው። ፔንዚያስና ዊልሰን ምን እንዳገኙ መጀመሪያ ላይ አያውቁም ነበርና ምስጋናው ለዕድል ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ሆኖም ያንኑ ጨረር ሳያስተውሉ ያለፉ ሌሎች አንቴናዎችም ነበሩ። እነዚህን ሁለት ሰዎች ከሌሎቹ የለያቸው ንድፈ ሐሳብ ሳይሆን ቅርቡን ሁሉ ፈትሾ የመጨረስ ትዕግሥት ነው። የ1978ቱን የኖቤል ሽልማት ያስገኘላቸውም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ ይህን ልማድ በመሣሪያው አሠራር ውስጥ አካተተው። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ በኖቬምበር 1989 ያመጠቀው ኮቢ የተባለ ሳተላይት ሁለት ነገር አረጋገጠ። አንደኛ፣ በጆን ማዘር የተመራው መሣሪያ የጥንታዊው ብርሃን ሙቀት ዛሬ 2.725 ኬልቪን መሆኑን፣ ጨረሩም ፍጹም ከሆነ የሙቀት ጨረር ጋር የሚገጥም መሆኑን ለካ። ሁለተኛ፣ በጆርጅ ስሙት የተመራው መሣሪያ ከቦታ ቦታ ወደ አንድ መቶ ሺሕኛ የሚጠጋ የሙቀት ልዩነት አገኘ፤ ጋላክሲዎች ሁሉ የበቀሉት ከእነዚህ ልዩነቶች ነው። ይህ ሁለተኛው መሣሪያ ሰማይን በአንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ አላየም፤ በ31.5፣ በ53ና በ90 ጊጋኸርትዝ ለየብቻ ለካው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የጋላክሲያችን ጋዝና አቧራ ብርሃናቸው ከፍሪኩዌንሲ ፍሪኩዌንሲ ይለያያል፤ የጥንታዊው ብርሃን ልዩነት ግን ሙቀቱ በየትኛውም ፍሪኩዌንሲ አንድ ሆኖ ይታያል። በአውድማ ላይ ገለባው ከፍሬው የሚለየው ነፋስ ሲነፍስ እንደሆነ ሁሉ፣ በዚህ ሙያም የቅርቡን ከሩቁ የሚለየው በብዙ ፍሪኩዌንሲ ማየት ነው። ቡድኑ በ1992 ውጤቱን ሲያስታውቅ የማንም ጥርጣሬ አልናደውም፤ በ2006 ማዘርና ስሙት የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ሦስተኛው ምዕራፍ የሚጀምረው በንድፈ ሐሳብ ነው። በ1979ና በ1980 መካከል አሌክሴ ስታሮቢንስኪ በሶቪየት ኅብረት፣ አለን ጉት በአሜሪካ፣ ኅዋ በመጀመሪያዋ ቅጽበት ከማንኛውም ግምት በላይ በፍጥነት ተለጥጦ ነበር ወደሚል ሐሳብ በየፊናቸው ደረሱ። ይህ የኅዋ ግሽበት የሚባለው ሐሳብ ሰማይ በየአቅጣጫው ለምን አንድ ዓይነት እንደሆነ፣ ኅዋም ለምን ጠፍጣፋ እንደሆነ ያስረዳል። ከዚያም አልፎ የሚፈተን ትንቢት አለው። ሊዮኒድ ግሪሽቹክ ቀደም ብሎ በ1970ዎቹ እንዳሳየው፣ ኅዋ በፍጥነት ሲሰፋ በቦታ ላይ ያሉ ጥቃቅን ንዝረቶች ይጎላሉ፤ ስታሮቢንስኪም በ1979 በግሽበት ዘመን የሚነሡትን የስበት ሞገዶች መጠን አሰላ። የስበት ሞገድ ማለት ቦታ ራሱ በአንድ አቅጣጫ ሲለጠጥ በሌላው የሚጨመቅበት ማዕበል ነው። የእነዚህ የጥንት ሞገዶች ኃይል ግሽበቱ የተከናወነበትን የኃይል መጠን ይናገራል። ዛሬ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ላይ ያለው ታላቁ የቅንጣት ማጋጫ የሚደርስበትን ኃይል ወደ ትሪሊዮን ጊዜ የሚበልጥ ጉልበት በሌላ በምን መንገድ ሊታይ ይችላል? በምድር ላይ የሚሠራ መሣሪያ በጭራሽ አይደርስበትም። የዚህን ፍለጋ ክብደትና ሰዎቹ ዕድሜያቸውን የሰጡበትን ምክንያት ለመረዳት ይህን ማስታወስ ይገባል።

ሞገዶቹ በቀጥታ አይታዩም፤ አሻራቸው የሚፈለገው በብርሃኑ ፖላራይዜሽን ላይ ነው። ብርሃን የሚነዝር ሞገድ ነው፤ ንዝረቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያደላ ፖላራይዝድ ሆነ ይባላል። ከሐይቅ ወለል የሚያንጸባርቅ የፀሐይ ብርሃን እንዲህ ያለ ነው፤ አንዳንድ የፀሐይ መነጽሮች ነጸብራቁን የሚቀንሱትም ይህን አቅጣጫ ለይተው ስለሚያግዱት ነው። ማርቲን ሪስ በ1968 ጥንታዊው ብርሃንም ጥቂት ፖላራይዜሽን ሊኖረው እንደሚችል አሳየ። ኅዋ ወደ 380,000 ዓመት ገደማ ሲሞላው ኤሌክትሮኖችና ፕሮቶኖች ተጣምረው ሃይድሮጅን ሲሆኑ፣ ብርሃኑ ለመጨረሻ ጊዜ ከኤሌክትሮኖች ጋር ተጋጭቶ ተለቀቀ። አንድ ኤሌክትሮን ከአንድ ወገን ሞቅ ያለ፣ ከጎን ቀዝቀዝ ያለ ብርሃን ካገኘው፣ የሚበትነው ብርሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ያደላል። በ1997 ሁለት ቡድኖች፣ ማርክ ካሚዮንኮውስኪ ከባልደረቦቹ ጋር፣ ኡሮሽ ሴልያክና ማቲያስ ዛልዳሪያጋ ደግሞ በበኩላቸው፣ ወሳኙን እርምጃ ወሰዱ። የፖላራይዜሽኑ ንድፍ በሁለት ይከፈላል። አንዱ በመስተዋት ቢታይ የማይለወጥ ነው፤ ሁለተኛው ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ የሚጠማዘዝ ስለሆነ በመስተዋት ሲታይ አቅጣጫው ይገለበጣል። የመጀመሪያው ኢ፣ ሁለተኛው ቢ ይባላል። የጥንቱ ቁስ የጥግግት ልዩነት በራሱ የሚያስገኘው ኢን ብቻ ነው፤ የስበት ሞገዶች ግን ሁለቱንም ያስገኛሉ። ስለዚህ በሰማይ ላይ በሁለት ዲግሪ ስፋት ገደማ ላይ የሚታይ የቢ ንድፍ የጥንት ሞገዶች ምስክር ሊሆን ይችላል። «ሊሆን ይችላል» የሚለው ቃል ወሳኝ ነው፤ ቢን የሚያስገኙ ሌሎች ምንጮችም አሉና። የጋላክሲዎች ስበት ብርሃኑን በመንገዱ ላይ ሲያጎብጠው ኢ በከፊል ወደ ቢ ይለወጣል። በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ የተንሳፈፉ የአቧራ ቅንጣቶችም በጋላክሲው መግነጢሳዊ መስክ ተሰልፈው ፖላራይዝድ የሆነ ጨረር ያወጣሉ።

ይህን ደካማ ምልክት ፍለጋ ሙያው ወደ ደቡብ ዋልታ ዘመተ። የማይክሮዌቭ ጨረር ዋነኛ ጠላቱ በአየር ውስጥ ያለ የውሃ ተን ነው። የአሙንድሰን ስኮት ጣቢያ የተተከለበት የበረዶ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,835 ሜትር ከፍ ያለ ነው፤ አየሩ ቀዝቃዛ፣ ስስና እጅግ ደረቅ ነው። ፀሐይ ለስድስት ወር ትጠልቃለች፤ ስለዚህ ንጋትና ምሽት አየሩን አያናውጡትም። ከዋልታው የሚታይ የሰማይ ክፍል ደግሞ አይጠልቅም፤ አንዱን ቦታ ለወራት ሳያቋርጡ መመልከት ይቻላል። ዋጋው ግን ከባድ ነው። የመጨረሻው አውሮፕላን በፌብሩዋሪ ከሄደ በኋላ ጣቢያው ለወራት ከዓለም ይቆረጣል፤ ክረምቱን የሚያሳልፉት ጥቂት ሰዎች ቴሌስኮፖቹን ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች በሚወርድ ብርድና በጨለማ ይንከባከባሉ። በጆን ካርልስትሮም የተመራው ዳሲ የተባለ መሣሪያ እዚህ በ2002 የጥንታዊውን ብርሃን ፖላራይዜሽን፣ ማለትም የኢን ንድፍ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አገኘ። የዳሲ ልኬት ኢ ሲገኝ ቢ ከዜሮ የማይለይ መሆኑንም አሳይቷል፤ ያለውን ነገር ከሌለው ለይቶ ማሳወቅ የሙያው ልማድ ነበርና። የዶክትሬት ጥናቱን በዳሲ ላይ የሠራው ጆን ኮቫክ ከዓመታት በኋላ የባይሴፕ2 መሪ ሆነ።

የባይሴፕ ቴሌስኮፖች ትናንሽ ናቸው። የባይሴፕ2 ሌንስ ስፋቱ 26 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ የሚፈለገው ንድፍ በሰማይ ላይ ሰፊ ስለሆነ ትልቅ መስተዋት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ትብነት ነው። ከፍጹም ዜሮ ከሩብ ዲግሪ ብዙም በማይበልጥ ሙቀት የቀዘቀዙ 512 ጠቋሚዎች ከ2010 እስከ 2012 የሰማይን አንድ በመቶ የሚያህል ክፍል ደጋግመው ቃኙ። ቦታው የተመረጠው የጋላክሲው አቧራ አነስተኛ ነው ተብሎ ስለታመነ ነው። ጠቋሚዎቹ ሁሉ የሚያዩት በ150 ጊጋኸርትዝ ብቻ ነበር። የተገኘው ልኬት በዘመኑ ተወዳዳሪ አልነበረውም፤ የቢ ንድፍ መኖሩ በአጋጣሚ የመጣ የመሆን ዕድሉ ከሚሊዮን አንድ ያነሰ ነበር። ቡድኑ መረጃውን በወቅት፣ በጠቋሚ፣ በአቅጣጫ እየከፈለ ቢፈትሸው መሣሪያው ራሱ የፈጠረው ስሕተት አላገኘም። ከዚህ ተነሥቶ የስበት ሞገዶቹ ኃይል ከጥግግት ልዩነቶቹ ኃይል ጋር ያለው ንጽጽር 0.2 ነው አለ። ስለ አቧራው ግን ቡድኑ የተደገፈው በቀደሙ ሞዴሎች ላይ ነበር፤ አብዛኞቹም የአቧራው ጨረር 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ፖላራይዝድ ነው ብለው ያስቡ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ የፕላንክ ቡድን በአንድ ጉባኤ ላይ ካሳየው ሥዕል ላይ በዓይን ተነብቦ የተወሰደ ነበር። ቀደም ሲል ባይሴፕ1 በ100 ጊጋኸርትዝ ያየውን መረጃ በማነጻጸርም ምልክቱ አቧራ አይመስልም ብሏል፤ የዚያ መረጃ ጥራት ግን ጥርጣሬውን ለመዝጋት አይበቃም ነበር። የሙያው ሕግ የላላው እዚህ ላይ ነው፤ በካምብሪጁ የመግለጫ አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን ቀደም ብሎ፣ ቅርቡ በልኬት ሳይሆን በግምት ሲለይ።

ውድቀቱ የመጣው በሁለት ወር ውስጥ ነው። በሜይ 2014 ራፋኤል ፍላውገር ከዚያም ሌሎች ተመራማሪዎች መረጃውን እንደገና አስልተው፣ የአቧራው ፖላራይዜሽን ጥቂት ከፍ ቢል ምልክቱን በሙሉ ሊያስረዳ እንደሚችል አሳዩ። የባይሴፕ2 ጽሑፍ በጁን በፊዚካል ሪቪው ሌተርስ ሲታተም ቃሉን አለዝቦ፣ ከሥዕል ላይ የተነበበውን ሞዴል ትቶ፣ የአቧራ ጥያቄ ክፍት መሆኑን ገልጾ ወጣ። በሴፕቴምበር የፕላንክ ቡድን ሙሉ ልኬቱን አወጣ። ፕላንክ በ2009 የመጠቀ የአውሮፓ ሳተላይት ነው፤ ሰማይን ሁሉ በዘጠኝ ፍሪኩዌንሲዎች ያይ ነበር፤ ፖላራይዜሽንን ይለካበት የነበረው ከፍተኛው 353 ጊጋኸርትዝ ደግሞ አቧራው እጅግ ደምቆ የሚታይበት ነው። በባይሴፕ2 የሰማይ ክፍል ያለው አቧራ ወደ 150 ጊጋኸርትዝ ሲሰላ ከተገኘው ምልክት ጋር የሚተካከል ሆነ። በጃንዋሪ 2015 መጨረሻ የሁለቱ ቡድኖች የጋራ ትንታኔ ወጣ፤ የስበት ሞገዱ ንጽጽር ከ0.12 እንደማይበልጥ፣ ዜሮም ሊሆን እንደሚችል አረጋገጠ። ባይሴፕ2 ያየው የቢ ንድፍ በእርግጥ በሰማይ ላይ ነበር፤ ቴሌስኮፑ አልዋሸም፤ ትንታኔውም አልተጭበረበረም። የተሳሳተው ንድፉ ከየት መጣ ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው መልስ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። በአንድ ፍሪኩዌንሲ ማየት ምርጫው ስሕተት አልነበረም፤ ጠቋሚዎቹን ሁሉ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ባያተኩሩ ኖሮ ያን ያህል ጥልቀት ማግኘት አይቻልም ነበር፤ ምልክት መኖር አለመኖሩ ሳይታወቅ በብዙ ፍሪኩዌንሲ መበተን ደግሞ ጉልበትን ማባከን ነው ይባላል። ይህ ክርክር እውነትነት አለው፤ እኔም እቀበለዋለሁ። በአንድ ፍሪኩዌንሲ በጥልቀት ማየት ለፍለጋ ትክክለኛ ዘዴ ነው። ለፍርድ ግን አይበቃም። ፔንዚያስና ዊልሰንም በአንድ ፍሪኩዌንሲ ነበር የለኩት፤ ነገር ግን ትርፍ ጨረር እንዳገኙ ብቻ ተናገሩ እንጂ ምንጩን አላወጁም፤ የጨረሩ ቅርጽ በብዙ ፍሪኩዌንሲ ተለክቶ ፍርዱ የጸናው በኮቢ ዘመን ነው። ባይሴፕ2ም በሁለት ዲግሪ ስፋት ላይ የቢን ንድፍ አገኘሁ፤ ምንጩን ለመለየት ሌላ ፍሪኩዌንሲ ያስፈልጋል ብሎ ቢሆን ኖሮ ያ ጽሑፍ ዛሬም እንደ ታላቅ ሥራ በተጠቀሰ ነበር። ምልክቱ እኮ ከሙቀት ልዩነቶች ቀደም ብሎ ከተገኘው የ0.11 ገደብ በላይ ስለነበር ጥንቃቄን የሚጠይቅ ማስጠንቀቂያም በእጃቸው ነበር።

ሌላው ተቃውሞ ስለ ሕዝቡ ነው። ባለሙያ ገምጋሚዎች ሳያዩት በጋዜጣዊ መግለጫ የወጣ ውጤት ሲፈርስ፣ ሕዝብ በሳይንስ ላይ ያለውን እምነት ይሸረሽራል ይባላል። ችኮላው ጉዳት አድርሷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን የገምጋሚ ማኅተም ብቻውን ስሕተቱን ያስቀር ነበር ማለት ልክ አይደለም። ገምጋሚዎችም የፕላንክን ያልታተመ የአቧራ ልኬት በእጃቸው አልያዙም ነበር። ስሕተቱን ያወጣው መረጃው በይፋ መለቀቁና ማንም ባለሙያ ሊያሰላው መቻሉ ነው። በዚያ ላይ ዋናው ፈውስ የመጣው ሁለት ተፎካካሪ ቡድኖች ያላቸውን ለመጋራት በመስማማታቸው ነው። ፉክክሩ ሁለቱንም እየገፋ ነበር፤ እርስ በርስ መረጃ ተካፍለው ቢሆን ኖሮ ማርች 2014 አይኖርም ነበር። ስለዚህ ትምህርቱ «ዝም በሉ፤ አትናገሩ» ሳይሆን ቅርቡን የለካውን ሰው ሩቁን ካየው ሰው ጋር ከመግለጫው በፊት ማገናኘት ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል። ከዚያ ወዲህ በአሥር ዓመት ውስጥ ሞገዱ አልተገኘም፤ ይህ ሁሉ ድካምና ገንዘብ ለምን? መልሱ በቁጥሮቹ ውስጥ አለ። ኬክ ከተባሉት የቡድኑ ቴሌስኮፖች ከፊሎቹ በ2014 ወደ 95፣ በ2015 ወደ 220 ጊጋኸርትዝ ተሸጋገሩ፤ ከዚያም ባይሴፕ3 ወደ 2,500 በሚጠጉ ጠቋሚዎች በ95 ጊጋኸርትዝ ታከለ። ሙያው ወደ ኮቢ ሕግ ተመለሰ። የንጽጽሩ ገደብ ከ0.12 በየጊዜው እየጠበበ ሄዶ በ2021 ወደ 0.036 ወረደ። ይህ ቁጥር «አላገኘንም» ከማለት በላይ ነው። አንድሬ ሊንደ በ1980ዎቹ ካቀረባቸው የግሽበት ሞዴሎች መካከል በቀላልነቱ ለረጅም ጊዜ ሲጠቀስ የኖረው አንዱ ከ0.13 በላይ የሚሆን ንጽጽር ይጠብቅ ነበር፤ አሁን ከመረጃው ጋር አይስማማም። ሌሎችም በርካታ ሞዴሎች ወድቀዋል። የስታሮቢንስኪ የመጀመሪያ ሞዴል 0.003 ገደማ የሚጠብቅ በመሆኑ ገና በሕይወት አለ፤ ቀጣዩ ትውልድ መሣሪያዎች የሚሹትም ያንን ነው። ስለ ዓለም መጀመሪያ የቀረበን አንድ ሐሳብ «እንዲህ አልነበረም» ብሎ በልኬት መናገር መቻል፣ ሺሕ ዓመታት በግምት ብቻ ሲነገርለት ለኖረው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። በዚያው ላይ ቅርቡን ለመለየት የተሠራው የፕላንክ ካርታ የፍኖተ ሐሊብን መግነጢሳዊ መስክ በሰማይ ሁሉ አሳይቷል፤ ከዋክብት የሚወለዱባቸውን ደመናዎች የሚያጠኑ ሰዎች እንደ ዋና መረጃ ይጠቀሙበታል። እንቅፋት ተብሎ የተለካው አቧራ ራሱ ዕውቀት ሆነ።

አራተኛውና የመጨረሻው ተቃውሞ ከሙያው ውስጥ የሚነሣ ነው። በግሽበት ሐሳብ ምሥረታ ላይ ከተሳተፉት አንዱ የሆነው ፖል ስታይንሃርት፣ በኋላ ላይ ሐሳቡ ለማንኛውም ልኬት የሚስማማ ሞዴል ማቅረብ ስለሚችል ሊፈተን አይችልም ብሎ ሞገተ። በ2017 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ይህን በሳይንቲፊክ አሜሪካን ሲጽፍ 33 ሳይንቲስቶች በደብዳቤ መለሱለት። ስታይንሃርት ትክክል ነው እንበል፤ ግሽበት እንደ ቤተሰብ በአንድ ልኬት አይወድቅም። ይህ ግን የልኬቱን ዋጋ አይቀንስም። ስታይንሃርት ራሱ በምትኩ የሚያቀርበው፣ ኅዋ ደጋግሞ ይስፋፋል ይሰበሰባል የሚለው ሐሳብ፣ የሚታይ መጠን ያለው የጥንት የስበት ሞገድ አይኖርም ይላል። ሞገዱ ቢገኝ የእርሱ ሐሳብ ይፈርሳል፤ ካልተገኘ የግሽበት ሞዴሎች አንድ በአንድ ይወድቃሉ። ስለዚህ ዳኛው ከሁለቱም ተከራካሪዎች የተለየ ነው፤ እርሱም በትክክል የተለካ ሰማይ ነው። የትኛውም ወገን ቢረታ ፍርዱ የሚታመነው አቧራው በትክክል ከተለየ ብቻ ነው።

አሁን በቺሊ የአታካማ በረሃ በ5,200 ሜትር ከፍታ ላይ የተተከለው የሲሞንስ ኦብዘርቫቶሪ ሰማይን ከ27 እስከ 280 ጊጋኸርትዝ በስድስት ፍሪኩዌንሲዎች ያያል። በደቡብ ዋልታ የባይሴፕ ቡድን ቴሌስኮፖቹን በዝቅተኛና በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ እያስፋፋ ነው፤ በስበት የጎበጠውን ብርሃን ለማረምም እዚያው ያለውን ታላቁን የደቡብ ዋልታ ቴሌስኮፕ መረጃ ይጠቀማል። ጃፓን የምትመራው ላይትበርድ የተባለ የሳተላይት ዕቅድም ሰማይን ሁሉ ከአሥር በላይ በሆኑ ፍሪኩዌንሲዎች ለማየት የታሰበ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች የተነደፉት የ2014ን ትምህርት ይዘው ነው። አንድ ቀን ሌላ መግለጫ ከተሰጠ አንባቢ የሚጠይቃቸው ሦስት ጥያቄዎች ግልጽ ናቸው። ምልክቱ በብዙ ፍሪኩዌንሲ አንድ ዓይነት ሆኖ ታይቷል ወይ? ከአንድ በላይ በሆነ የሰማይ ክፍል ተገኝቷል ወይ? በተለያየ መሣሪያ የሚሠራ ሌላ ቡድን አይቶታል ወይ? ሦስቱም በአዎንታ ከተመለሱ መግለጫውን በደስታ መቀበል ይገባል፤ አንዱ ከጎደለ ግን፣ ዜናው የቱን ያህል ቢያምር፣ ልኬቱን አክብሮ ፍርዱን ማቆየት ይሻላል። የኅዋን መጀመሪያ የሚያህል ጥያቄ ከዚህ ባነሰ ጥንቃቄ ሊመለስ አይገባውም፤ ሙያውም ከዚህ ባነሰ ጥንቃቄ ክብሩን አላገኘም።